የፒክአፕ ጎማ የሚፈትገው በቁመቱ ብቻ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

አዳማ ውስጥ ፒክአፕ ላይ ትልቅ ጎማ ማሰር እንደ ወግ ሆኗል። ፍላጎቱን አንነቅፍም። በክረምት ወንጂ ሸንኮራ ማሳ ውስጥ ለሚገባ፣ ወይም ከወለንጪቲ ወጥቶ በኮረኮንች ለሚመላለስ ሰው ከመሬት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት ቁም ነገር ነው። የምንነቅፈው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ መልኩ ያማረ ቸርኬ ይገዛል። ከዚያ ለቸርኬው ጎማ ይፈለግለታል። ጎማው ፓራፋንጎ፣ ማለትም የጎማውን መሸፈኛ፣ ሲነካ መኪናው በስፔሰር፣ በማስረዘሚያ ዲስክ፣ ከፍ ይደረጋል፤ አሁንም ሲነካ ግራይንደር ይመጣል። በመጨረሻ የሚቆረጠው ባይነካ ይሻል የነበረ ብረት ነው። እኛ በሻንሲና በአላይመንት ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ነን፤ ለማለት የፈለግነውም አንድ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያስፈትገው የጎማው ቁመት ሳይሆን የቸርኬው ወደ ውጭ መውጣት ነው።

ሂሳቡ ወረቀትና እስክርቢቶ ይበቃዋል። ብዙ ሂሉክሶች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡትን 265/65 አር 17 እንውሰድ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። የ265 65 በመቶ 172.25 ነው፤ ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ ሲታሰብ 344.5 ይሆናል። 17 ኢንች 431.8 ሚሊ ሜትር ነውና ጠቅላላ ቁመቱ 776.3 ሚሊ ሜትር ነው። በዚሁ መንገድ 265/70 አር 17 802.8 ሲሆን፣ ብዙዎች የሚመኙት 285/70 አር 17 ደግሞ 830.8 ይደርሳል። ልዩነቱ ለሁለት ይካፈላል፤ ከሞዞው፣ ማለትም ቸርኬው ከሚታሰርበት ክብ ራስ፣ መሃል ወደ ዙሪያው የሚጨምረው የመጀመሪያው 13፣ ሁለተኛው 27 ሚሊ ሜትር ነው። መኪናውም ከመሬት የሚነሳው በዚያው ልክ ብቻ ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ጎማ አስሮ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍታ የሚጠብቅ ሰው ግማሹን ያጣዋል።

አሁን ወደ ቸርኬው እንምጣ። ኦፍሴት የሚባለው ልክ ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገጥምበት ፊት ከወርዱ መሃል መስመር ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ ነው። ቁጥሩ ፖዘቲቭ ሆኖ ሲያድግ ቸርኬው ወደ መኪናው ሆድ ይገባል፤ ወደ ዜሮ ሲወርድና ኔጌቲቭ ሲሆን ወደ ውጭ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ በቸርኬው ጀርባ ወይም በሞዞው ዙሪያ ኢ እና ቲ ከሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጎን ተቀርጾ ይገኛል። የሂሉክስ የ17 ኢንች ቸርኬ ወርዱ 7.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ ፖዘቲቭ 30 ነው። በቦታው ገበያ ላይ የሚታየውን 9 ኢንች ወርድ ዜሮ ኦፍሴት ያለው ቸርኬ ብናስር፣ የውጭ ጠርዙ 49 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሲወጣ የውስጡ ጠርዝ 11 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚሸሸው። አምስት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ አንድ ሚሊ ሜትር የቀረው መውጣት ማለት ነው።

ይህ መውጣት ለምን ያስፈትጋል? በር አስቡ። ከማጠፊያው የራቀው ጠርዝ ብዙ ይጓዛል፤ ማጠፊያው አጠገብ ያለው ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። የፊት ጎማም መሪ ሲዞር የሚሽከረከረው ከላይና ከታች ባሉት ቦል ጆይንቶች፣ በኳስ መሰል መገጣጠሚያዎቹ፣ መካከል በሚያልፈው መስመር ላይ ነው። ጎማው ከዚያ መስመር ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር ሰፊ ቅስት ይስላል፤ መሪ ሲጠመዘዝ የኋላ ጠርዙ ወደ ካቢኑ ስር፣ የፊት ጠርዙ ወደ ፓራውልቱ፣ ማለትም ወደ ፊት መከላከያው፣ ይወረወራል። ስለዚህ 265/70 አር 17 በፋብሪካው ቸርኬ ላይ ቢበዛ ጭቃ መከላከያ ላስቲኩን ሲያሻሽ፣ ያው ጎማ በወጣ ቸርኬ ላይ ካቢኑ ከሻንሲው የታሰረበትን ብረት ይመታል። የጎማው ቁመት ግን አንድ ነው።

ወደ ውስጥ መጠጋትም መዘዝ አለው። 285 ከ265 በ20 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በየጎኑ 10 ማለት ነው። በፋብሪካው ፖዘቲቭ 30 ቸርኬ ላይ ከታሰረ ያ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ላይኛው ብራቾ፣ ሞዞውን ከሻንሲው ጋር ወደሚያገናኘው ክንድ፣ ይጠጋና ብራቾው የጎማውን ጎን ይልጠዋል። ይህ ከውጭ አይታይም፤ ጎማው የሚቀደደው በጎኑ ስለሆነ ጎሚስታ ሊጠግነውም አይችልም። ኦፍሴቱ ፖዘቲቭ 20 ሲሆን ግን የውስጥ ርቀቱ እንደ ፋብሪካው ይቆያል፤ ትርፉ ሁሉ ወደ ውጭ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለ285 የሚያስፈልገው ቸርኬ እንግዲህ 8 ወይም 8.5 ኢንች ወርድ ያለው፣ ኦፍሴቱ ፖዘቲቭ 20 አካባቢ የሆነ ነው። ዜሮ አያስፈልገውም፤ ኔጌቲቭ ለፎቶ ነው።

የብሎኑ አቀማመጥ ተመሳሳይ መሆኑ ብዙ ሰው ያታልላል። ሂሉክስ፣ ዲማክስ፣ ፎርድ ሬንጀርና ሚትሱቢሺ ኤል 200 ሁሉም ባለ 6 ብሎን፣ 139.7 ሚሊ ሜትር ክብ ናቸው። የመሃል ቀዳዳቸው ግን ሂሉክስ 106.1፣ ዲማክስ 100.1፣ ሬንጀር 93.1፣ ኤል 200 67.1 ነው። የዲማክስ የፋብሪካ ቸርኬ ሂሉክስ ሞዞ ላይ አይገባም፤ የሂሉክሱ ዲማክስ ላይ ይገባል፣ ግን በሞዞው ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ያ ክፍተት በልኩ በተሠራ ቀለበት ካልተሞላ ቸርኬው መሃል ላይ መቀመጡን የሚወስኑት የብሎኖቹ ማሰሪያ ዳዶዎች ብቻ ይሆናሉ፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ ሲኬድ መሪ ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስም አያድነውም። ሬንጀር ደግሞ ከፋብሪካ ፖዘቲቭ 55 ነውና የሂሉክስ ቸርኬ ሲታሰርበት ጎማው ሳይታሰብ 25 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ናቫራ ከነጭራሹ ሌላ ነው፤ የአዲሶቹ ክብ 114.3 ነው። ቸርኬ ሻጮች ኦፍሴቱንና የመሃል ቀዳዳውን ደረሰኝ ላይ ቢጽፉ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ከመግዛት በፊት መኪናው ላይ መለካት ይገባል። ደልዳላ ቦታ ላይ ጎማው በቀጥታ እያለ፣ ከዚያ መሪው እስከ መጨረሻ ወደ ቀኝ፣ እስከ መጨረሻ ወደ ግራ ተጠምዝዞ፣ ነባሩ ጎማ ከአምስት ቦታ ያለው ርቀት ይለካል። አንደኛው ከላይኛው ብራቾ፣ ሁለተኛው መኪናው ወደ ጎን እንዳያዘነብል ከሚይዘው ስታቢላይዘር ባር፣ ሦስተኛው ከኋላ በኩል ካለው የካቢን ማሰሪያ፣ አራተኛው ከዚያው በላይ ሁለት ላሜራ ተደራርቦ ከተበየደበት ጠርዝ፣ አምስተኛው ከፓራውልቱ ማዕዘን። ግራና ቀኙ እኩል ስለማይሆን ሁለቱም ይለካሉ። በየቦታው ከተገኘው ርቀት የጎማው ጭማሪ ተቀንሶ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር መትረፍ አለበት፤ ጎማ በፍጥነትና በጭነት ይለጠጣል፣ ብራቾውም በቦኮላው፣ በመገጣጠሚያው ላስቲክ፣ ልክ ይንቀሳቀሳል። አንድ ነገር ደግሞ አይዘንጋ፤ በጎኑ 265 የተጻፈበት ሁሉ እኩል 265 አይደለም። የጭቃ ጎማ ትከሻው ላይ ያለው ጥርስ ከመንገድ ጎማ ይገዝፋል፤ ቸርኬው ግማሽ ኢንች ሲሰፋም ጎማው ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ከተቻለ ጎማው በአንድ እግር ታስሮ ይታይና ከዚያ አራቱ ይገዙ።

መኪናውን ከፍ ማድረግ ፍተጋን ያቆማል የሚለው እምነት ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። ሞላው ሲጨመቅ ብራቾው የሚያርፍበት ወፍራም የላስቲክ ማቆሚያ አለ፤ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበትን የመጨረሻ ቦታ የሚወስነው እርሱ ነው። መኪናው 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ማቆሚያው አልተነሳምና ጉድጓድ ውስጥ በኃይል ሲገባ ጎማው የሚደርሰው ድሮ በሚደርስበት ቦታ ነው። የሚለወጠው ስንት ጊዜ ይነካል የሚለው ብቻ ነው። መሪ ተጠምዝዞ የኋላ ብረት የሚመታ ጎማ ደግሞ መኪናው ቢነሳም ያው ይመታል፤ ብረቱ ከጎማው በላይ ሳይሆን ከኋላው ነው ያለው። ርካሹ መንገድ፣ አሞርዛተሩ ራስ ላይ የሚጫን ስፔሰር፣ የራሱ ጣጣ አለው። አሞርዛተሩ ብራቾው መሃል ላይ ስለሚታሰር 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ጎማው ላይ ወደ እጥፍ ይጠጋል። መኪናው ሲጨመቅ ታዲያ ብራቾው ማቆሚያው ላይ ከመድረሱ በፊት አሞርዛተሩ በውስጡ ይሞላና ይመታል፤ ሲንጠለጠል ደግሞ የላይኛው ብራቾ ሞላውን ይነካል፣ ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ፣ ሴሚያሱ፣ ይጎብጣል፣ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደድና ግራሶው ቸርኬው ላይ ይረጫል። ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ለመኪናው በተሠራ ሞላና አሞርዛተር ይሁን፤ ከ50 ሚሊ ሜትርም አይለፍ። ከዚያ በኋላ ያለ አላይመንት ከጋራዥ መውጣት የለበትም፤ ፊቱ ሲነሳ ካስተር የሚባለው የፊት እግሩ ወደ ኋላ ማዘንበል ይወርዳል፣ መኪናውም መሪውን ወደ መሃል መመለስ ይሰንፋል።

ካስተር ፍተጋንም ይነካል። የፊት እግሩ ከላይ ወደ ኋላ ያዘነበለበት ማዕዘን ነው፤ የታችኛው ቦል ጆይንት ወደ ፊት ሲሄድ ይጨምራል፣ ጎማውም አብሮ ወደ ፊት፣ ከካቢን ማሰሪያው ይርቃል። በሂሉክስ የታችኛው ብራቾ ብሎኖች በጎን የሚሽከረከር ዲስክ አላቸው። የፊተኛው ወደ ውስጥ፣ የኋለኛው ወደ ውጭ ሲዞር ብራቾው ጫፉን ወደ ፊት ያዞራል። የሚገኘው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ግን ብዙ ጊዜ ያበቃል፣ አንድም ብረት አይቆረጥም። አላይመንት የሚሠራው ሰው ግራና ቀኙን እኩል ማድረግና ከዚያ በኋላ ካምበርና ቶውን፣ የጎማውን የጎን ዝንባሌና የፊት አቅጣጫ፣ እንደገና መያዝ ይኖርበታል። የታችኛው ብራቾ ቦኮላ የላላ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻልና፣ ፍተጋው ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ከሁሉ በፊት ቦኮላው ይታይ።

የት እንደሚነካ ለማወቅ የጎማውን ትከሻና ጥርስ በጠመኔ በደንብ ይቀቡ። ከዚያ በዝግታ መሪውን እስከ ጫፍ ጠምዝዞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ፣ አንዱን የፊት ጎማ የመንገድ ጠርዝ ላይ አውጥቶ መሪ ማዞር፣ ቀስ ብሎ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ማቋረጥ። ጠመኔው የተላለፈበት ቦታ ወንጀለኛው ነው። የፊቱ ሙከራ ባዶ መኪና ላይ፣ የኋላው ጭነት ላይ ይደረግ፤ ኋላው ሲጫን ፊቱ ይነሳልና ባዶው ለፊት ይከፋል። ኋላ ላይ ባሌስትራው፣ ተደራራቢው የብረት ሞላ፣ ከጎማው ጎን ያለው ርቀት ትንሽ ከሆነ ወጣ ገባ መንገድ ላይ አንድ እግር ሲጨመቅ ይገናኛሉ።

ማስተካከያውም ቅደም ተከተል አለው። ጭቃ መከላከያው ላስቲክ መጀመሪያ ይቆረጣል ወይም ወደ ኋላ ይሳባል። ቀጥሎ የፓራፋንጎው ውስጥ ፕላስቲክ ነው፤ በሙቅ አየር ማሞቂያ ለስለስ አድርጎ ወደ ኋላ መግፋትና በራሱ መቆንጠጫ ማሰር ከመቁረጥ ይሻላል፤ ከኋላው የገመድ ስብስብና የመስታወት ማጠቢያ ውኃ ማጠራቀሚያ ሊኖር ስለሚችል ሳያዩ ቢላዋ አይግባበት። ሦስተኛው ካስተር ነው። አራተኛው የላሜራው ጠርዝ፤ ይህ በመዶሻ ወደ ኋላ ይተኛል እንጂ በግራይንደር አይላጭም፣ ብየዳው እዚያ ላይ ነውና። የተተኛው ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ዝገት መከላከያና ማሸጊያ ካልተቀባ በሁለት ክረምት ዝገቱ በር ስር ይደርሳል። የካቢን ማሰሪያውን ቆርጦ በወፍራም ላሜራ መበየድ የመጨረሻው ነው፤ 265/70 ይዞ እዚያ የደረሰ ሰው ቸርኬውን ቢለውጥ ይረክስለታል። ከተሠራም ባትሪው ከመበየዱ በፊት ይፈታ።

ላንድክሩዘር 79 ያላቸው ሰዎች ጉዳይ ትንሽ ይለያል። 7.50 አር 16 የሚያስሩት 5.5 ኢንች ወርድ ባለው ቸርኬ ነው፤ ወደ 265/75 አር 16 ሲቀይሩ ቁመቱ ወደ 804 ሚሊ ሜትር ነውና እምብዛም አይለወጥም፣ ወርዱ ግን ይለወጣል፣ ነባሩም ቸርኬ 265 አይሸከምም። 7 ወይም 8 ኢንች ያለው ያስፈልጋል። ጎማው መሪ ሲጠመዘዝ የሚነካ ከሆነ የፊት አክሱ ላይ የመሪ ማቆሚያ ብሎን ስላለ ትንሽ ማስረዘም ይቻላል፤ ዋጋው መኪናው ለመዞር ሰፋ ያለ ቦታ መጠየቁ ነው።

ዳዶ ላይ ስንደርስ ችላ የሚባለው ነገር አደጋ ያመጣል። የቶዮታ የፋብሪካ አልሙኒየም ቸርኬ አንዳንዱ ጠፍጣፋ ወንበር፣ ማለትም ቸርኬው ላይ የሚያርፍ ፊት፣ ባለው ዳዶ ይታሰራል፤ ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ሾጣጣ ወንበር አለው። ጠፍጣፋው ሾጣጣው ላይ ቢታሰር ጥርቅም ያለ ይመስላል፣ ግን የሚነካው ጠርዙ ብቻ ስለሆነ ይላላል። የሂሉክስ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ እርምጃ 1.5 ነው፤ ዳዶው በእጅ ሲገባ ቢያንስ 8 ዙር ካልዞረ በቂ አልያዘም። ቸርኬና ሞዞ መካከል የሚገባ ቀጭን ዲስክ ስፔሰር እነዚህን ዙሮች ስለሚበላ ከነጭራሹ ባይገባ ይመረጣል። ዳዶዎች በኮከብ ቅርጽ በተራ በተራ ይጠበቁ፤ ጥብቀቱ የመኪናው መመሪያ ላይ ባለው ልክ በቶርክ ቁልፍ ይሁን፣ የአየር ሽጉጥ ብቻ ይዞ የሚጨርስ ጎሚስታ ብሎኑን ያስረዝመዋል። ከመጀመሪያዎቹ 80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳግም ይፈተሹ፤ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ከመመለሱ በፊት ቢያይ ልኩ ነው።

የጎማው ሌላ መዘዝ ፍጥነት መቁጠሪያው ላይ ነው። 265/65 ያለው ሂሉክስ ወደ 285/70 ሲለወጥ ጎማው በአንድ ዙር 7 በመቶ የበለጠ ይጓዛል፤ ስለዚህ መቁጠሪያው 100 ሲል መኪናው ከቀድሞው 100 በላይ 7 ኪሎ ሜትር ጨምሮ ይሄዳል። 265/70 ላይ ልዩነቱ 3.4 በመቶ ነው። የተጓዘውም ኪሎ ሜትር ከእውነቱ ያነሰ ይመዘገባል፤ ነዳጁ ብዙ ፈጀ ብሎ ከማማረር በፊት ይህ ይታሰብ። የፍሬኑ ሥራ ደግሞ ይከብዳል። ጎማው ሲረዝም ያንኑ ለማቆም ዲስኩ ላይ የሚያስፈልገው ኃይል በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ከኢተያ ወደ ዴራ ቁልቁለቱን ጭነው የሚወርዱ ሰዎች ይህን በፍሬን ሽታ ያውቁታል።

ጎማ ላይ የሚጻፈው የጭነት ቁጥርም ይነበብ። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1120 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ 121 ማለት 1450። ነገር ግን ለጭነት የተሠራ ጎማ 1450 የሚሸከመው ከፍ ባለ ግፊት፣ 80 ፒኤስአይ ሲሞላ ነው እንጂ በሩ ላይ በተለጠፈው የፋብሪካ ግፊት አይደለም። ግፊቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ በአዳማ ሙቀት ቀትር ላይ ተለክቶ ከተስተካከለ ማታ ሲቀዘቅዝ ይጎድላል። ጥቅም ላይ የዋለ ጎማ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብብ። 3521 ማለት በ2021 በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፣ ዘመኑም በፈረንጆች ነው። በእኛ አቆጣጠር አንብቦ አዲስ ጎማ አገኘሁ የሚል አይጠፋም።

ሌላው ስኮርታው፣ መለዋወጫው ጎማ፣ ነው። 285/70 ጭነት መጫኛው ስር ባለው ማንጠልጠያ የሚገባበት መኪናም የማይገባበትም አለ፤ ሳይታሰብ ቀርቶ የቀድሞው ትንሽ ጎማ እዚያው ይንጠለጠላል። አንድ ጎማ ፈንድቶ ያ ትንሹ ከታሰረ ባለ አራት ጎማ ማርሹ አስፋልት ላይ መገባት የለበትም፤ በአራቱ መካከል ያለው የዙር ልዩነት ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ያስጨንቃል። ኋላው ላይ መንሸራተት የሚከለክል ዲፈረንሻል ካለ ደግሞ ትንሹን ጎማ ፊት ላይ አስሮ ከፊት የተፈታውን ትልቅ ወደ ኋላ ማዛወር ይገባል። ሲገዙ አምስት ጎማና አምስት ቸርኬ ይቁጠሩ፤ ማንጠልጠያው ስር የማይገባ ከሆነም ጭነት መጫኛው ውስጥ የሚታሰርበትን ቦታ ቀድመው ያዘጋጁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሻንሲና በአላይመንት ሥራ የተሰማሩ ባለሙያዎች፣ አዳማ